«ተነኪ» እና «ተተኪ»፦ በምህንድስና ለውጥ ስያሜዎች ላይ የቀረበ ሂስ

ከጥቂት ጊዜ በፊት ነቀምቴ ላይ ለጥገና ሠራተኞች የተዘጋጀ የአንድ መመሪያ ትርጉም ረቂቅ እንድመለከተው ተሰጥቶኝ ነበር። መመሪያው የአንድን ምርት ታሪክ ከንድፉ እስከ መወገዱ የሚመዘግበውን የኮምፒውተር ሥርዓት የሚመለከት ነው። የረቂቁ ዐረፍተ ነገሮች በሰዋስው ረገድ ነቀፋ የሚገኝባቸው አይደሉም። ስያሜዎቹ ግን ሠራተኛውን ወደ ስሕተት የሚመሩ ሆነው ስላገኘኋቸው ይህን ሂስ ለማቅረብ ተገድጃለሁ።

በቅድሚያ ነገሩን እንረዳ። አንድ መሐንዲስ የአንድን ኩሽኔታ ንድፍ ሲለውጥ የመጀመሪያው ጥያቄ «ይህ ኩሽኔታ የት የት ይገባል?» የሚል ነው። የዕቃ ዝርዝር ከላይ ወደ ታች ይወርዳል፤ ፓምፑ ከምን ከምን እንደ ተሠራ ይነግረናል። ይህኛው ጥያቄ ግን ከታች ወደ ላይ ይወጣል፤ ኩሽኔታው በየትኛው ፓምፕ፣ በየትኛው ወፍጮ ውስጥ እንዳለ ይፈልጋል። ረቂቁ ሁለቱንም «ዝርዝር» ብሎ አልፏቸዋል። ሁለተኛው «የሚገባበት ዝርዝር» ቢባል የመካኒኩም አነጋገር ስለ ሆነ ማንም ሳይቸገር ይረዳዋል።

ከዚህ በኋላ ለውጡ የሚደርስባቸው ዕቃዎች ይለያሉ። ረቂቁ እነዚህን «ተጎጂ ዕቃዎች» ይላቸዋል። በአማርኛ ተጎጂ ማለት ጉዳት የደረሰበት ነው፤ የጎርፍ ተጎጂ፣ የአደጋ ተጎጂ እንላለን። ለውጡ ግን ዕቃውን ሊያሻሽለው ይችላል። «ተጎጂ» የሚለውን ያነበበ ሠራተኛ ደኅነኛውን ፓምፕ እንደ ብልሹ ቆጥሮ ቢፈታው ጥፋቱ የተርጓሚው ነው። በበኩሌ «ተነኪ ዕቃ» የሚለውን እመርጣለሁ፤ ነካ የሚለው ግሥ መልካሙንም ክፉውንም ሳይለይ ይይዛልና።

ከሁሉ የከፋው ግን «ተተኪ» ነው። ተተካ የሚለው ግሥ በሁለት አቅጣጫ ይነገራል። «አሮጌው በአዲስ ተተካ» ስንል የተተካው የሄደው ነው፤ «ልጁ በአባቱ ቦታ ተተካ» ስንል ደግሞ የተተካው የመጣው ነው። ተተኪ የሚለው ስም በተለመደው አነጋገር ወደ መጪው ያደላል፤ ተተኪ ትውልድ እንላለን። ረቂቁ ግን «ተተኪው ዕቃ ከመጋዘን ይወገድ» ሲል ሊናገር የፈለገው ስለ አሮጌው ነው። ትእዛዙን እንደ ቃሉ የፈጸመ ግምጃ ቤት አዲሱን ጥሎ አሮጌውን ያስቀምጣል። ስለዚህ ለሚመጣው «ተኪ»፣ ለሚሄደው «ተሻሪ» ቢባል አሻሚነቱ ይወገዳል። እንዲሁም ከአሮጌው ጋር በቅርጹ፣ በአገጣጠሙና በአገልግሎቱ የሚለዋወጥ ዕቃ በተለመደው ደንብ ቁጥሩን ይዞ «ክለሳ» ብቻ ይጨመርለታል፤ የማይለዋወጥ ከሆነ ግን አዲስ ቁጥር ይሰጠዋል። ረቂቁ ሁለቱንም «እትም» ማለቱ ዕቃን ከመጽሐፍ ጋር ማደባለቅ ነው።

አንባቢ ይህ የመሐንዲሶች ጉዳይ እንጂ የመዝገበ ቃላት አዘጋጅ ጉዳይ አይደለም እንዳይል የወለጋን ከተሞች ስም ምሳሌ አድርጌ ላቅርብ። ነቀምቴ በቀድሞ ጽሑፎች ለቀምት ተብላ ትገኛለች። የአንዲት ፊደል ለውጥ ቃሉን ከ«ለ» ተራ ወደ «ነ» ተራ ያዛውረዋል፤ ወደ ቀድሞው ስም የሚመሩ ማጣቀሻዎችም ሁሉ ተነኪ ይሆናሉ። በውጭ የቡና ገበያ ግን የአካባቢው ቡና ዛሬም «ለከምፕቲ» በሚል ስም ይሸጣል። እንዲህ ያለው የንግድ ስም ሌላ ዕቃ ነው፤ ይታወቅ እንጂ አይለወጥ።

ደምቢ ዶሎም ቀድሞ ሳዮ ትባል ነበር። ይሁንና ሳዮ የሚለው ስም በቄለም ወለጋ የወረዳ ስም ሆኖ አለ። ስለዚህ «ሳዮ» የሚለውን ባገኘበት ሁሉ በ«ደምቢ ዶሎ» የሚለውጥ አዘጋጅ ወረዳውን ከከተማው ጋር ያጠፋዋል። አሶሳም እስከ 1980ዎቹ መጀመሪያ (ዓ.ም.) ድረስ በወለጋ ሥር የነበረች ስትሆን ዛሬ የቤንሻንጉል ጉሙዝ ክልል ዋና ከተማ ናት፤ ስሟ ሳይለወጥ ፍችዋ ተለውጧል። በፊደል ብቻ የሚፈልግ ሰው ይህችን ፈጽሞ አያገኛትም።

ኦነሲሞስ ነሲብ ወደ ኦሮምኛ የተረጎመው መጽሐፍ ቅዱስ እ.ኤ.አ. በ1899 የታተመው በግእዝ ፊደል ነበር። ከ1984 ዓ.ም. ወዲህ ግን ኦሮምኛ በቁቤ ይጻፋል። በአንዱ ፊደል ብቻ የሚፈልግ ሰው የቋንቋውን የጽሑፍ ቅርስ ግማሽ ሳያይ ይቀራል።

ከእነዚህ ምሳሌዎች የምንረዳው አንድ ቁም ነገር አለ። የሚገባበት ሁሉ ተነኪ አይደለም፤ ተነኪውም ሁሉ በሚገባበት ዝርዝር ውስጥ አይገኝም። መሣሪያው እጩዎችን ያቀርባል፤ ፈራጁ ሰው ነው። «የሚገባበት» እና «ተነኪ» በአንድ ቃል ከተጠሩ ግን ይህ ፍርድ የሚሰጥበት ስፍራ ይጠፋል፤ ሠራተኛው የቀረበለትን ዝርዝር እንደ ተፈረደ ይቆጥረዋልና።

ስለዚህ የረቂቁ አዘጋጆች ስድስቱን ስያሜዎች፣ ማለትም የዕቃ ዝርዝር፣ የሚገባበት ዝርዝር፣ ተነኪ፣ ተኪ፣ ተሻሪ እና ክለሳ የሚሉትን ለይተው ፍች እንዲሰጧቸው አሳስባለሁ። የመዝገበ ቃላት አዘጋጆችም አንድን ስያሜ ከመሻራችን በፊት እንደ መሐንዲሱ «የት የት ይገባል?» ብለን እንጠይቅ። ከዚህ የተሻለ ስያሜ ያለው ባልደረባ ቢያቀርብ የእኔን ለመሻር ዝግጁ ነኝ።