የኮምፓስ እውነትና የቁጥር ምሥጢር

በሊዝበን ከተማ፣ በካሉስት ጉልቤንኪያን ድርጅት ዋና ሕንፃ መግቢያ አዳራሽ፣ ርዝመቱ 13 ሜትር ያህል የሆነ የኖራ ድንጋይ ግድግዳ ይገኛል። በላዩ ላይ የሰው መልክም ሆነ የተፈጥሮ ገጽታ አይታይም፤ የሚታዩት ተቀርጸው ቀለም የተቀቡ መስመሮች፣ ክቦችና ከዋክብት ብቻ ናቸው። «መጀመር» የተባለው ይህ ሥራ በ1969 እ.ኤ.አ. ተፈጸመ። ሠዓሊው ዦዜ ዴ አልማዳ ኔግሬሮስ በዓመቱ ሞተ።

አልማዳ በ1893 እ.ኤ.አ. በፖርቱጋል ቅኝ ግዛት ሥር በነበረችው የሳኦ ቶሜ ደሴት ተወለደ። በ1915 እ.ኤ.አ. «ኦርፌው» በተባለው መጽሔት ዙሪያ ተሰባስበው የፖርቱጋልን ዘመናዊነት ከጀመሩት ወጣቶች አንዱ ነበር። ከዚያም በ15ኛው መቶ ዘመን የተሳሉትን ስድስቱን የቅዱስ ቪሴንቴ ሥዕሎች ሲመረምር፣ የጥበብ ሁሉ መሠረት የሆነ አንድ ዘላለማዊ የጂኦሜትሪ ሕግ አለ ወደሚል እምነት ደረሰ። በ1957 እ.ኤ.አ. ያቀረባቸው ረቂቅ ሥዕሎች የዚህ እምነት ውጤቶች ናቸው፤ የአንደኛው ርዕስም «የ9 እና የ10 ዝምድና» የሚል ነው።

ይህ እምነት ለረጅም ጊዜ በአድናቆት ተነገረ እንጂ በማስመሪያ አልተፈተነም ነበር ቢባል ማጋነን አይሆንም። የሥነ ጥበብ ተመራማሪው ሲማኦ ፓልሜይሪምና የሒሳብ ምሁሩ ፔድሮ ፍሬይታስ የሠዓሊውን ንድፎች አንድ በአንድ ሲመረምሩ፣ ከፊሎቹ በሒሳብ ፍጹም ትክክል፣ ከፊሎቹ ግን ለትክክሉ እጅግ የቀረቡ ግምቶች መሆናቸውን አሳዩ። ነገሩ አያስደንቅም። ክብን በኮምፓስና በማስመሪያ ለ10 እኩል ክፍል መክፈል ይቻላል፤ ለ9 እኩል መክፈል ግን እንደማይቻል በ19ኛው መቶ ዘመን ተረጋግጧል። እንግዲህ ዘላለማዊ የተባለው ዝምድና ራሱ በግምት ላይ የቆመ ነው።

ይህ ግኝት ሥራውን ያሳንሰዋልን? አያሳንሰውም። ይልቁንም ከምሥጢር ጉም አውጥቶ ለሰው ልጅ ድካም ይመልሰዋል። ተመልካቹ በግድግዳው ፊት የሚያየው ከሰማይ የወረደ ሕግ ሳይሆን፣ ለአሥርታት ሲለካ፣ ሲሳሳትና ሲያርም የኖረ እጅ ነው።

ሆኖም ልኬት ብቻውን የማይመልሰው ጥያቄ አለ። አልማዳ በ1940ዎቹ የሊዝበንን የመርከብ ማረፊያ አዳራሾች ግድግዳዎች የሳለው በአምባገነኑ የሳላዛር አገዛዝ ዘመን ነበር። ከጊዜ ውጭ የሆነ ሕግ የፈለገው ሰው የኖረው በጊዜ ውስጥ ነው፤ አገዛዙ በ1974 እ.ኤ.አ. ሲወድቅ፣ የትውልድ ደሴቱም በ1975 እ.ኤ.አ. ነፃ ስትወጣ ለማየት አልበቃም። የቅርጹ ስሌት ከታወቀ ዘንድ፣ ቀጣዩ የሂስ ተግባር ቅርጹን ከታሪኩ ጋር አገናኝቶ ማንበብ ነው። ለሥነ ጥበብ መምህርም የምርምሩ ትምህርት ግልጽ ነው፤ ተማሪው ረቂቅ ሥዕልን እንዲያደንቅ ከመታዘዙ በፊት ኮምፓሱን ይያዝ።