የሐይቅ ብራና በድረ ገጽ

በደቡብ ወሎ የሚገኘው የሐይቅ እስጢፋኖስ ገዳም አባ ኢየሱስ ሞዓ በ1273 ዓ.ም. ያበረከቱለት ወንጌል አለው። የዚህ ብራና ማይክሮፊልም በ«ኢ.ኤም.ኤም.ኤል. 1832» ቁጥር ተመዝግቦ በአሜሪካ የሂል ቤተ መዘክርና የብራና መጻሕፍት ማኅደር ድረ ገጽ ለንባብ ቀርቧል። የጥንት ቃላትን ከምንጫቸው ለሚመረምር ሁሉ ይህ ታላቅ ውለታ ነው።

ሆኖም የዝርዝሩ መግለጫ በእንግሊዝኛ መሆኑ ጥንቃቄን ይጠይቃል። «ሐይቅ» በላቲን ፊደል ያለ ነጥብ ሲጻፍ ሐመሩ ሐ ከሃሌታው ሀ አይለይም። ቃሉም በግዕዝ የባሕር ዳርቻ፣ በአማርኛ ግን ውኃው ራሱ ነው፤ ልዩነቱን ሳያጤን የሚተረጉም በዳር የቆመውን ሰው ውኃ ውስጥ ይከተዋል። ስለዚህ ተርጓሚው መግለጫውን መንገድ መሪ ያድርገው፤ ፍርዱን ግን ከብራናው ምስል ያንሣ። በድረ ገጹም የአማርኛ መግለጫ እንዲታከል እናሳስባለን።