ስለ አንድ የሰዋስው ወረቀት

በሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ሳለን የአማርኛ መምህራችን አባዝተው የሰጡን ወረቀት «ይበላል» የሚለውን ግሥ አድራጊ ብቻ አድርጎ ይመድበው ነበር። ፊደላችን የሚጠብቀውን ከሚላላው ስለማይለይ ስሕተቱ ለዓይን አይታይም፤ «ልጁ ይበላል» ሲባል «በ»ና «ላ» ይላላሉ፤ «ሥጋው በጥሬው ይበላል» ሲባል ግን ሁለቱም ይጠብቃሉ፤ ግሡም ተደራጊ ይሆናል። በፈተና ይህንኑ የጻፍን ሁሉ ነጥብ ተቀነሰብን።

አንድ ጓደኛችን ቢጠይቃቸው በማግሥቱ «ተሳስቻለሁ» ብለው በሰሌዳው ላይ አረሙት። ይበልጥ ያከበርናቸው ከዚያ ቀን ወዲህ ነው። ነገር ግን የተቀነሰው ነጥብ አልተመለሰም፤ ወረቀቱም አልታረመም፤ አንዲት መስመር የእርማት ቁራጭ ብትያያዝበት ግን በበቃ ነበር። በተከታዩ ዓመት ታናሽ ወንድሜ ያንኑ ወረቀት ይዞ መጣ፤ «ይበላል» አሁንም አድራጊ ብቻ ነበር።