ባሕረ ሐሳብ «የመጀመሪያው የኮምፒውተር ፕሮግራም» ነው?

«ባሕረ ሐሳብ የዓለም የመጀመሪያው የኮምፒውተር ፕሮግራም ነው» ሲባል ሰምታችሁ ይሆናል። እኔ ግማሹን እቀበላለሁ።

እስቲ ለ2017 ዓ.ም በእጃችሁ ሞክሩት። 5500 እና 2017 ሲደመሩ 7517። ለ19 ሲካፈል ቀሪው 12፤ አንድ ሲቀነስ ወንበሩ 11። ወንበሩ በ19 ሲባዛ 209፤ በ30 ሲገደፍ መጥቅዕ 29። ከ14 ስለሚበልጥ በዓለ መጥቅዕ መስከረም 29 ዋለ፤ ቢያንስ ኖሮ ጥቅምት ላይ ይውል ነበር። ዕለቱ ረቡዕ ነው፣ ተውሳኩ 4። 29 እና 4፣ 33፤ 30 ሲገደፍ 3። ጾመ ነነዌ የካቲት 3 ገባ። የፋሲካ ተውሳክ 9 ነው፤ ሚያዝያ 12። ፋሲካው የዋለውም በዚሁ ቀን እኮ ነው!

ቀሪ፣ «ከሆነ... ካልሆነ»፣ ተራ በተራ የሚሄድ ትእዛዝ፦ ይህ ንጹሕ ስልተ ቀመር ነው። «የመጀመሪያው» የሚለው ግን አያስኬድም። የ19 ዓመቱን ዑደት አቴናዊው ሜቶን በ432 ቅድመ ልደት አስተዋውቆታል፤ ትውፊታችንም ቀመሩን የሚሰጠው ለእስክንድርያው ድሜጥሮስ ነው። «የኮምፒውተር» የሚለውም እንዲሁ። ፕሮግራም የሚጻፈው ምንም ለማይገባው ማሽን ነው፤ አዳ ላቭሌስ በ1843 እ.ኤ.አ. ለባቤጅ መኪና እንደጻፈችው። ባሕረ ሐሳብን የሚያሰላው ሊቅ ግን የሚሠራውን ያውቃል፤ ቢሳሳት ይባንናል።

ለእኔ የባሰው ግን ሌላ ነው። ምኒልክ በ1882 ዓ.ም ከነገሡባት ከእንጦጦ ማርያም ብዙም ሳይርቅ፣ በዚያው ተራራ ላይ፣ ባለ 1 ሜትር መስታወት ሁለት ቴሌስኮፖች አሉ። ምድር ስለምትዞር ኮከቡ ከመስታወቱ ያመልጣል። ስለዚህ ኮምፒውተሩ ቴሌስኮፑ የት እንደሚያይ እየለካ፣ ከሚፈለገው ጋር እያነጻጸረ፣ ልዩነቱን በሞተር ያርማል። አውቶማቲክ ቁጥጥር ማለት ይህ ነው፦ ውጤቱን መልሶ ማየት። ባሕረ ሐሳብ ወደ ሰማይ አያይም። ዓመቱን 365 ከሩብ አድርጎ ስለያዘ በ128 ዓመት አንድ ቀን ገደማ ከፀሐይ ይንሸራተታል። በ1582 እ.ኤ.አ. ሮም ያደረገችው ያንን ስሕተት ለክቶ ማረም ነበር። ቤተ ክርስቲያናችን ይህን አለማድረጓ ጉድለት ነው አልልም፤ የቀመሩ ሥራ ሁሉም በአንድ ቀን እንዲያከብር ነው፣ እሱንም አሳክቷል። ነገር ግን «ፕሮግራሙ ከኛ ነው» ብለን ስናጨበጭብ ቁጥጥር የሚባለው ግማሽ ምሕንድስና ከወሬው ይጠፋል።

መምህራን ብትሆኑ ከጭብጨባው ይልቅ ለተማሪዎቻችሁ ኮድ አድርጋችሁ ስጧቸው። 2006 ዓ.ምን ያስገቡ፤ ወንበሩ አልቦ ስለሚሆን መጥቅዑ 30 መባል አለበት። ዜሮ ብለው የተዉት በዓለ መጥቅዕን በሌለ ቀን ላይ ያገኙታል።