የላዳ የኋላ ዲፈረንሻል ሲቀየር

በላዳ ላይ የኋላ ዲፈረንሻል መበላሸት መጀመሪያ የሚታወቀው በድምፅ ነው። ነዳጅ ሲረገጥ ብቻ የሚያፏጭ ወይም እግር ሲነሳ ብቻ የሚሰማ ድምፅ የኮሮናና የፒኞን ጥርስ መበላትን፣ አለዚያም የፒኞኑን ኩሽኔታ መላላት ያመለክታል። ቢረገጥም ቢለቀቅም ሳይለወጥ የሚያጉረመርም ድምፅ በአብዛኛው ከኩሽኔታ ነው። መኪናው ሲታጠፍ ብቻ የሚሰማው ደግሞ ዲፈረንሻሉ ውስጥ ካሉት ትንንሽ ጥርሶች ወይም ከጎማ ዘንግ ኩሽኔታ ይመጣል። ሲነሳ «ቋ» የሚል ምት ካለ ከሁሉ በፊት ክሮቸራው ይፈተሽ፤ ጤነኛ ዲፈረንሻል በክሮቸራ ጥፋት መውረዱ በየጋራዡ ያለ ነገር ነው።

ጥርጣሬውን የሚያጠራ ቀላል ፈተና አለ። መኪናው ድምፁ በሚሰማበት ፍጥነት እየሄደ ማርሹ ፎሌ ይደረጋል። ድምፁ ከቀጠለ ምንጩ ሞተሩ አይደለም። መኪናው ቆሞ ሞተሩ በዚያው ዙር ሲሠራ ድምፁ ከተሰማ ግን ኋላውን መፍታት ድካም ብቻ ነው።

ከመፍታቱ በፊት የመበላሸቱን ምክንያት ማወቅ ያስፈልጋል፤ አለዚያ የተቀየረውም ዕቃ በዚያው መንገድ ይሄዳል። የላዳ ኮሮናና ፒኞን ሃይፖይድ በሚባለው አሠራር የተገናኙ ናቸው። የፒኞኑ መሃል ከኮሮናው መሃል ዝቅ ብሎ ስለሚቀመጥ ጥርሶቹ ሲገናኙ አንዱ በሌላው ላይ በከባድ ጫና ይንሸራተታል። ይህን ጫና የሚችለው የጂኤል-5 ደረጃ ያለው፣ ለምሳሌ 80 ደብልዩ 90 የሆነ የዲፈረንሻል ዘይት ነው። የሞተር ዘይት ሞልቶ መንዳት ጥርሱን በአጭር ጊዜ ይበላዋል። መጠኑ 1.3 ሊትር ገደማ ብቻ ስለሆነ ትንሽ ፍሳሽም ብዙ ያጎድላል።

ለፍሳሹ ብዙ ጊዜ የሚወቀሰው በፒኞኑ አፍ ላይ ያለው የዘይት ማገጃ ጎማ ነው፤ በእርግጥም ጎማው ያረጃል። ከእሱ በፊት ግን በአክስሉ ቀፎ ላይ ያለችው ትንሽ የመተንፈሻ ቆብ ትታይ። ጭቃና አቧራ ሲደፍናት ዲፈረንሻሉ ሲሞቅ ውስጡ የሚጠራቀመው ግፊት መውጫ ያጣና ዘይቱን በማገጃው በኩል ይገፋዋል። ምልክቱ ከፒኞኑ አፍ ጀምሮ ወደ ኋላ የተጋገረ ጥቁር አቧራ ነው። ቆቧ በጣት ስትያዝ ካልተንቀሳቀሰች፣ ማገጃውን ብቻ ቀይሮ መኪናውን መስጠት ደንበኛውን መመለስ ነው።

ከዚህ በኋላ የሚመጣው የዕቃ ምርጫ ነው፤ በዚህ ላይ የባለሙያው አቋም ግልጽ መሆን አለበት። ኮሮናና ፒኞን በፋብሪካ አብረው የተላሹ ጥንድ ናቸው፤ የአንዱን መኪና ኮሮና ከሌላው ፒኞን ጋር ማጋባት አይቻልም። ጥንዱ ብቻ አዲስ ሆኖ ሲገባ ደግሞ የጥርሱን ርቀትና የኩሽኔታውን ጥብቀት ሁሉ ከመጀመሪያው ማስተካከል ይጠይቃል። ልዩ መለኪያ ለሌለው ጋራዥ የሚሻለው ሙሉ አካሉን፣ ኩሽኔታውና ማስተካከያው እንዳለ፣ በአንድነት መቀየር ነው። አዲስ አበባ ውስጥ ያገለገለ ዕቃ የሚፈለግበት ሶማሌ ተራ ነው፤ ግን ላዳ ላይ የሚገባ ሁሉ ለዚያ ላዳ የሚሆን አይደለም።

ልዩነቱ በጥመርታው ላይ ነው። በ2101 ሞዴል ላይ ኮሮናው 43፣ ፒኞኑ 10 ጥርስ አለው፤ ጥመርታው 4.3 ነው። በ2103 ላይ 41 በ10፣ ማለትም 4.1፣ በአብዛኛው 2107 ላይ ደግሞ 43 በ11፣ ማለትም 3.9 ነው። ለማረጋገጥ የድሮው ዕቃ ከመኪናው ሳይወርድ አንዱ የኋላ ጎማ ከፍ ብሎ ሌላው መሬት ላይ ይቀመጣል፤ ማርሹ ፎሌ ሆኖ፣ ቀሪዎቹ ጎማዎች በድንጋይ ተደግፈው፣ የተነሳው ጎማ በትክክል ሁለት ዙር ይዞራል። ከካምቢዮ የሚመጣው ዘንግ አራት ዙር ሊሞላ ጥቂት ከጎደለው 3.9 ነው። የሚገዛው ዕቃ ግን በጠረጴዛ ላይ ጥርሱ ተቆጥሮ ይገባል። በ3.9 ምትክ 4.3 የገባበት መኪና ሞተሩ በአሥር በመቶ የበለጠ ይዞራል። የፍጥነት መለኪያው ከካምቢዮ ስለሚነሳም ከእውነቱ በዚያው ልክ አብልጦ ያሳያል።

አወጣጡ ከባድ አይደለም። መኪናው በቋሚ ድጋፍ ላይ ይቆማል፤ በክሪክ ብቻ ሥር መግባት የተከለከለ ነው። ዘይቱ ይወርዳል፤ በውስጡ የሚገኘው የብረት ፍርፋሪም የምርመራ አካል ነው። ከካምቢዮ ከሚመጣው ዘንግ ጋር ያለው ግንኙነት በሁለቱም በኩል ምልክት ተደርጎበት አራቱ ብሎኖች ይፈታሉ፤ ምልክቱ ካልተጠበቀ መንቀጥቀጥ ሊከተል ይችላል። ጎማዎቹና የፍሬን ታምቡሮዎቹ ከወጡ በኋላ የጎማ ዘንጎቹ በየጎናቸው በአራት ዳዶ ይለቀቃሉ። እንቢ ያለውን ዘንግ ለማውጣት ታምቡሮው ተገልብጦ በዘንጉ ራስ ላይ በልል የጎማ ብሎን ይታሰርና ወደ ውጭ ይመታል። ዘንጎቹ ሙሉ በሙሉ ባይወጡም ጫፋቸው ከዲፈረንሻሉ ከተላቀቀ በቂ ነው። ዲፈረንሻሉ ወደ ፊት ተስቦ ሲወጣ የባዶው ቀፎ ውስጥ እስከ ዳር ድረስ ይጠረጋል፤ ከተሰበረ ጥርስ የቀረች አንዲት ፍርፋሪ አዲሱን ታበላሻለች።

ያገለገለው አካል ከመግባቱ በፊት የጥርሱ ክፍተት ይለካል፤ ለላዳ ትክክሉ ከ0.08 እስከ 0.13 ሚሊ ሜትር ነው። ትልቁ ጥፋት የሚፈጸመው ግን ፒኞኑ ላይ ነው። በሁለቱ ኩሽኔታዎቹ መካከል ዳዶው ሲጠብቅ የሚጨመቅ ቀጭን ቱቦ አለ፤ ኩሽኔታዎቹ በልክ የሚጠብቁት በእሱ ነው። ማገጃ ሲቀየር ዳዶው ከበፊቱ ቦታ አልፎ ከጠበቀ ቱቦው በአንድ አቅጣጫ ብቻ የሚጨመቅ ስለሆነ ማላላት አያድነውም፤ አዲስ መግባት አለበት። ስለዚህ ከመፈታቱ በፊት የዳዶውና የፒኞኑ ቦታ በነጥብ ይመታል፤ ሲመለስም እዚያው ይቆማል። አዲስ ኩሽኔታ የገባበት ፒኞን ብቻውን ሲዞር የሚያሳየው መቋቋም ከ1.57 እስከ 1.96 ኒውተን ሜትር መሆን አለበት። ይህን በእጅ ስሜት የሚገምት ባለሙያ አለ፤ ግምቱ ግን በመለኪያ ቢረጋገጥ ይሻላል።

ቀፎው ላይ አዲስ ጓርኒሲዮን ተደርጎ ብሎኖቹ በተቃራኒ እየተፈራረቁ ይጠብቃሉ። ዘይቱ መኪናው ደልዳላ ቦታ ቆሞ እስከ መሙያው ቀዳዳ የታችኛው ጠርዝ ይሞላል። ከመጀመሪያው አጭር ጉዞ በኋላ ቀፎው ሞቅ ማለቱ የተለመደ ነው፤ በእጅ ለመንካት የማያስችል ትኩሳት ግን ከመጠን በላይ የጠበቀ ኩሽኔታ ወይም የጎደለ ዘይት ምልክት ስለሆነ ጉዞው እዚያ ይቆማል። ጥንዱ አዲስ ከሆነ በመጀመሪያዎቹ ጥቂት መቶ ኪሎ ሜትሮች ከባድ ጭነት ሳይጫን፣ ነዳጁም በኃይል ሳይረገጥ ከተነዳ በኋላ ዘይቱ በትኩሱ ወርዶ ይለወጣል።