ፓይለት የሚያስመስል ሁሉ ሄልሜት አይደለም

«ፀሐይ» የተባለችው አውሮፕላን አዲስ አበባ ውስጥ ተሠርታ የበረረችው እ.ኤ.አ. በ1935 ነው። ጣሊያኖች ወስደዋት ኖራ በ2024 አገሯ ገብታለች። የዚያን ዘመን ፓይለት ስናስብ ወዲያው የሚታየን ትልቅ መነጽርና ጆሮ የሚሸፍን የቆዳ ኮፍያ ነው። ያምራል። ግን መከላከያ ነው ወይ?

እንደ ሥራ ዕቃ ከመዘንነው ኮፍያው ሁለት ነገር አሳምሮ ይሠራል፦ ብርድና ነፋስ ይከላከላል። ግጭትን ግን አይችልም። ለምን? እስቲ በቀላል ሒሳብ እንየው። ጭንቅላት የወደቀበትን ከፍታ፣ ለመቆም ባገኘው ርቀት አካፍሉት። መልሱ ጭንቅላቱን የሚመታው ኃይል በአማካይ የክብደቱ ስንት እጥፍ እንደሆነ ይነግራችኋል። ከ150 ሴንቲሜትር ወድቆ ቆዳው ግማሽ ሴንቲሜትር ቢጨመቅለት 300 እጥፍ ነው። 3 ሴንቲሜትር የሚጨመቅ ፎም ቢኖር ግን 50 እጥፍ ብቻ! ቴሌቪዥን ሲገዛ ካርቶኑ ውስጥ የሚመጣው ነጭ ፎም የሄልሜቱ ፎም ዘመድ ነው፤ የሄልሜቱ ጠንከር ያለ መሆኑ ነው እንጂ። ሕይወት የሚያተርፈው እሱ ነው፤ የሚያብረቀርቀው ቅርፊት ረዳቱ ነው።

ይህን ያስተማረን በአብዛኛው ሞተር ሳይክል ነው። በዚያው በ1935 እንግሊዛዊው ቲ. ኢ. ሎውረንስ ያለ ሄልሜት ሞተር ሲነዳ ወድቆ ሞተ። ካከሙት ሐኪሞች አንዱ የነበረው ሂዩ ኬርንስ ነገሩን አልተወውም፤ በ1941 ሄልሜት ለሞተረኛ ምን እንደሚጠቅም የሚያሳይ ጥናት አሳተመ።

«እንግዲያው የሞተር ሄልሜት አድርገን ቀላል አውሮፕላን እናብርር» የሚሉ አሉ። ግማሹ እውነት ነው፤ ግጭትን ይችላል። ሌላው ግማሽ ግን ይቀራል። አንደኛ፣ ክብደት። አውሮፕላን 60 ዲግሪ አዘንብሎ ከፍታውን ሳይለቅ ሲዞር ሁሉም ነገር እጥፍ ይከብዳል፤ 1.5 ኪሎ የነበረው ሄልሜት አንገት ላይ 3 ኪሎ ይሆናል። ሁለተኛ፣ ጆሮ። ፓይለት ከሞተሩ ጩኸት ተከልሎ ሬዲዮውን መስማት አለበት፤ የጆሮ ማዳመጫው ደግሞ ብዙ የሞተር ሄልሜት ውስጥ አይገባም። ሦስተኛ፣ ዓይን። አገጭ የሚሸፍነው ዓይነት ወደ ታችና ወደ ጎን ማየትን ይቀንሳል፤ በሰማይ ደግሞ ሌላ አውሮፕላን ከየትም ሊመጣ ይችላል። ለዚህ ነው ለፓራግላይደርና ለአልትራላይት በረራ ኢ ኤን 966 የሚባል የራሱ የአውሮፓ ደረጃ የወጣው። ደግሞ የቱም ሄልሜት የትከሻ ቀበቶን አይተካም፤ ቀበቶ ከሌለ ጭንቅላት ከፊት ለፊቱ ሰሌዳ ጋር ይጋጫል።

«ወርቃ ተቀምጬ አውሮፕላን ምን አገባኝ?» ትሉ ይሆናል። ከወርቃ ዲላ ድረስ በሞተር ለሚሄድ ሰውም ጥያቄው ያው ነው፦ ይሄ ነገር የተሠራው ምንን ለመከላከል ነው? ቢጫው የግንባታ ቆብ ከላይ ለሚወድቅ ዕቃ ነው የተሠራው፤ ከሞተር ለሚወድቅ ሰው አይሆንም። አንዳንዱ የሚያደርገው ግን ለጭንቅላቱ ሳይሆን ለትራፊክ ፖሊሱ ነው፤ ማሰሪያውን እንኳን አያስርም። ያልታሰረ ሄልሜት ደግሞ መሬት ሳትደርሱ ቀድሟችሁ ይወርዳል።

ስለዚህ ስትገዙ ቀለሙን ኋላ እዩት። መጀመሪያ ውስጡን ተመልከቱ፤ ወፍራም ፎም አለው? ማሰሪያውን አጥብቃችሁ ከኋላ ወደ ፊት ግፉት፤ ከወለቀ አይሆንም። የደረጃ ምልክቱን ፈልጉ። አንዴ በደንብ የተጋጨውን ደግሞ፣ ከውጭ ምንም ባይታይበትም፣ አትግዙት፤ ፎሙ ሥራውን ጨርሷል።