ጭቃ ቤት የሚያውቅ ሰው ምን ያያል?

ደላላ ቤት ሲያሳይ ከሳሎን ይጀምራል። ግድግዳው አዲስ ቀለም ተቀብቷል፣ ወለሉ ላይ ፕላስቲክ ምንጣፍ ተነጥፏል፣ መብራቱም በጠራራ ፀሐይ በርቷል። ቤት የሚያውቅ ሰው ግን የግቢው በር ሳይከፈት ሥራውን ጀምሯል፤ ከመንገዱ ማዶ ቆሞ ጣራውን ያያል።

በአዲስ አበባ ሰሜናዊ ሰፈሮች፣ በቀበና፣ በፈረንሳይ ለጋሲዮን፣ በጉለሌ፣ ዛሬም የቆሙ አነስተኛ የጭቃ ቤቶች አሉ። አንዳንዶቹ ሦስት ትውልድ አሳድገዋል። እንዲህ ያለ ቤት ሲመዘን ከዕድሜው በፊት የሚጠየቀው ማን ሲጠግነው እንደኖረ ነው። ጭቃ ቤት የሚኖረው በጥገና ነው፤ ክረምቱ ያራገፈውን በመስከረም እየመረጉለት፣ የላላውን ቆርቆሮ እየመቱለት ይሰነብታል። "ሳይደርቅ በእርጥቡ፣ ሳይርቅ በቅርቡ" የሚለው ምክር በእሱ ላይ በትክክል ይሠራል። ስለዚህ ዓይን መፈለግ ያለበት የጥገና ዱካ ነው። ለሽያጭ ሲባል በአንድ ሳምንት የተደረገ እድሳት ይህን ዱካ ይሸፍነዋል፤ የገዢው ችሎታም ከቀለሙ ሥር ያለውን ማንበብ ነው።

ከላይ ወደ ታች

በመጀመሪያ የጣራው አናት መስመር። ቀጥ ካለ መልካም። መሐሉ ጎድጎድ ካለ ወይ ወራጁ ነቅዟል፣ ወይ ደግሞ ክፍል ለማስፋት ተብሎ ጣራውን ተሸክሞ የነበረ ግድግዳ ፈርሷል። ዝገት ብቻውን አያስደነግጥም። ቆርቆሮ በጌጅ ሲለካ ቁጥሩ ባነሰ መጠን ይወፍራል፤ ዝገት የጀመረው 28 ጌጅ፣ ትናንት ከተመታ ስስ 35 ጌጅ የተሻለ ዕድሜ ሊቀረው ይችላል። የሚያስፈራው ቀዳዳ ነው። ኮርኒስ በሌለበት ክፍል፣ ማድቤት ወይም ዕቃ ቤት ውስጥ፣ በቀትር በሩን ዘግቶ ቀና ማለት ይበቃል፤ ብርሃን የሚያስገባው የምስማር ቀዳዳ አንድ በአንድ ይቆጠራል።

ኮርኒስ ባለበት ክፍል የውሃ ነጠብጣብ ይፈለጋል። አንድ ክብ ብቻ ያለው ነጠብጣብ አንዴ ፈስሶ የተደፈነ ቀዳዳ ይሆናል። ክብ በክብ ላይ የተደራረበበት ግን ክረምት በመጣ ቁጥር ዝም የተባለ ቤት ነው። ከሁሉም ክፍሎች የአንዱ ኮርኒስ ብቻ አዲስ ችፑድ ከሆነ፣ ለምን እንደ ተቀየረ ይጠየቃል።

ከዚያ የጣራው ጠርዝ ይታያል። የአዲስ አበባ ዝናብ አብዛኛው የሚወርደው በሐምሌና በነሐሴ ነው፣ ብዙ ጊዜም ከነፋስ ጋር። ጠርዙ ከግድግዳው ቢያንስ ግማሽ ሜትር ያህል ካልወጣ ዝናቡ ጭቃውን ይገርፈዋል። አሸንዳ ካለ ጫፉ የት እንደሚያርፍ ማየት ነው። ውሃውን ሰብስቦ አንድ ቦታ፣ ያውም ግድግዳው ሥር የሚያፈስ አሸንዳ ባይኖር ይሻላል።

ግድግዳው ሲንኳኳ

ጥሩ የጭቃ ግድግዳ ሥራው የሚጀምረው ከእንጨቱ ነው። ቋሚው ተተክሎ ማገሩ ከውስጥም ከውጭም ይመታል፤ ከጭድ ጋር ተቦክቶ ለቀናት የሰነበተ ጭቃ በመሐል ይጠቀጠቃል፤ ያ ሲደርቅ ሁለተኛውና ሦስተኛው ምርጊት እየቀጠነ ይከተላል። የቸኮለ ሠራተኛ የመጀመሪያው ሳይደርቅ ሁለተኛውን ይደርባል። ያ ግድግዳ ከዓመታት በኋላም ያጋልጠዋል፦ በጣት አጥንት ሲንኳኳ ጭቃው ከማገሩ የተላቀቀበት ቦታ ባዶ ድምፅ ይሰጣል።

ስንጥቅ ሁሉ አንድ አይደለም። እንደ መረብ የተሰራጨ ቀጭን ስንጥቅ ጭቃው ሲደርቅ የመጣ ነው፤ አያሳስብም። ከመስኮት ወይም ከበር ማዕዘን ተነሥቶ በሰያፍ የሚወጣው ግን ከሥር አንድ ቋሚ እንደ ሰመጠ ይናገራል። ወደ ስንጥቁ ውስጥ ይመልከቱ፦ አሮጌ ቀለም ገብቶበት ከሆነ እንቅስቃሴው የድሮ ነው፤ ጠርዙ የተሳለና ንጹሕ ከሆነ ቤቱ ዘንድሮም እየሄደ ነው። በክር ላይ የታሠረ ጠጠር እንደ ቱምቢ ከግድግዳው አናት ቢንጠለጠል ማዘንበሉንና ማበጡን ያሳያል።

በጣም መጠርጠር ያለበት ሽቦ ተመትቶበት በሲሚንቶ የተለሰነ የጭቃ ግድግዳ ነው። ለዓይን ብሎኬት ይመስላል፣ ዋጋውም በዚያው ይጨምራል። ነገር ግን ሲሚንቶና ጭቃ እኩል አይተነፍሱም። በአንድ ስንጥቅ የገባ እርጥበት መውጫ ስለሚያጣ፣ እንጨቱ ማንም ሳያየው ይበሰብሳል። የእንደዚህ ያለ ቤት ሻጭ ቢያንስ አንድ ቦታ፣ ከታች በኩል፣ ልስኑን ለማስፈልፈል ፈቃደኛ ካልሆነ ዋጋ ለመነጋገር ጊዜው አልደረሰም።

እግሩ

ጭቃ ቤት የሚሞተው ከእግሩ ነው። የጥንቶቹ ቤቶች ብዙውን ጊዜ ጽድ ተተክሎባቸዋል፤ ጽድ ምስጥን ይቋቋማል። ባሕር ዛፍ በምኒልክ ዘመን ገብቶ እንጦጦን ካለበሰ በኋላ ቋሚው ሁሉ ባሕር ዛፍ ሆነ፤ ርካሽና ቀጥ ያለ ነው፣ ግን መሬት የነካው ጫፉ ቶሎ ይበላል። የደንቡ ሠራተኛ ጫፉን በእሳት ይለበልበዋል ወይም የተቃጠለ ዘይት ይቀባዋል፣ ዙሪያውንም በድንጋይ ይሞላዋል።

ፈተናው ቀላል ነው። ቢላዋ ወይም ካቻቪቴ ይዞ ከመሬት አንድ ስንዝር በታችና በላይ ያለውን ቋሚ መውጋት። ስለት እንደ ድፎ ዳቦ የሚቀበል እንጨት አልቋል። ፈተናው መጀመር ያለበትም በዳገቱ በኩል ካለው ግድግዳ ነው፤ ከእንጦጦ ተዳፋት የሚወርደው ውሃ መጀመሪያ የሚያገኘው እሱን ነውና። አንዳንድ ቋሚዎች እግራቸው ተቆርጦ በድንጋይ ወይም በኮንክሪት ላይ ተቀጥለው ከተገኙ ደስ ይበልዎት። ይህ የሚያስቡ እጆች ያለፉበት ቤት ነው።

ሌላው ምልክት ደጃፉ ላይ ነው። መንገድ በየጊዜው አፈርና ጠጠር ሲደለደልበት፣ በኋላም ኮብልስቶን ሲነጠፍበት ከፍ እያለ ይሄዳል፤ ቤቱ ግን ባለበት ነው። ከመንገዱ ወደ ግቢው፣ ከግቢው ወደ ሳሎኑ ወርደው የሚገቡ ከሆነ ውሃውም በዚያው መንገድ ይገባል። መውጫ ቦይ ከሌለ ይህን ጉድለት ቀለም አይሸፍነውም።

ውስጥ ሲገቡ በሮቹን ይክፈቱ፣ ይዝጉ። ወደ ላይ ሳይነሣ የማይዘጋ በር ቤቱ እንደ ተንቀሳቀሰ ይመሰክራል። የበሩ ግርጌ በሰያፍ በመላጊያ ተልጎ፣ የተላገበት ቦታ በእግርና በአቧራ ጠቁሮ፣ በሩም ዛሬ በነፃ የሚዘጋ ከሆነ እንቅስቃሴው ቆሟል ማለት ነው። እንዲህ ያለው ጠማማ በር ከአዲሱ ይልቅ ይታመናል።

ሰፈሩም ይንኳኳል

አዲስ አበባ በ1879 ዓ.ም. ከተቆረቆረች በኋላ ያደገችው በመኳንንቱ ሰፈሮች ዙሪያ ነው። የጌታው ግቢ ከፍታው ላይ፣ ጭፍራውና ባለሙያው በዙሪያው ይሰፍሩ ነበር። ሀብታምና ድሃ አጥር ተጋርቶ የሚኖርበት የድሮ ሰፈር መልክ ከዚያ የመጣ ነው። በ1967 ዓ.ም. የወጣው አዋጅ ቁጥር 47 የከተማ ቦታንና ትርፍ ቤትን የመንግሥት ሲያደርግ ኪራያቸው ከ100 ብር በታች የሆኑት ቤቶች ወደ ቀበሌ ገቡ። ተከራዩ በጥቂት ብር ለዐሥርት ዓመታት ተቀመጠ፤ ኪራዩ ግን ቆርቆሮ ለመቀየር እንኳ የሚበቃ አልነበረም፣ ተከራዩም የራሱ ባልሆነ ግድግዳ ላይ ገንዘብ አላፈሰሰም። ስለዚህ የሚገዙት የግል ቤት በደንብ ቢያዝም፣ ግድግዳ የሚጋራው የቀበሌ ቤት ጣራው ወዴት እንደሚያፈስ ማየት ግድ ነው። የጎረቤት ውሃ የእርስዎ እርጥበት ይሆናል።

ሰፈርን እንደ ቤቱ በጥገናው መመዘን ይቻላል። የጋራው ቦይ በግንቦት መጨረሻ ተጠርጓል ወይስ በፌስታል ታፍኗል? የተሰበረ የቦይ ክዳን ላይ ሰዎች ድንጋይ ደርድረው ካለፉ ቸልተኝነት ነው፤ አዋጥተው ብረት ካስበየዱበት ሰፈሩ ሰው አለው። የዕድሩን ዳኛ ማነጋገር ከደላላ የአንድ ሰዓት ወሬ ይበልጣል፦ ድንኳኑ ስንት ዓመቱ ነው? ወንበሩ ሲሰበር ማን ያሠራዋል? መዋጮ ይከፈላል? ንብረቱን በሥርዓት የሚይዝ ዕድር ያለበት ሰፈር፣ ጎርፍ ሲመጣም አካፋ ይዞ የሚወጣ ሰው ያገኛል። የሱቁ ባለቤት ለማን ዱቤ እንደሚሰጥም ይጠይቁ። ዱቤ የሚሰጥ ሱቅ ደንበኞቹ ነገም እንደሚኖሩ ያምናል።

የቀረው ተግባራዊ ነው። ውሃ በፈረቃ ስለሚመጣ በሳምንት ስንት ቀን፣ በስንት ሰዓት እንደሚመጣ ከጎረቤት ይሰማል፤ በየበሩ የተደረደረው ቢጫ ጀሪካንም መልስ ነው። የሽንት ቤት መምጠጫ መኪና እስከ ግቢው መድረስ አለመድረሱ በእርምጃ ይለካል። ሰፈሩን በእሑድ ጧት፣ በሥራ ቀን ማታና፣ ከተቻለ፣ ዝናብ ሲጥል ማየት ያስፈልጋል። በግንፍሌ ወይም በቀበና ወንዝ ዳር ያለ ቤት ከሆነ በነሐሴ ሳያዩ መግዛት አይገባም።

ወረቀቱ

ካርታው ላይ ያለው ስፋት በሜትር ከተለካው ጋር መመሳሰል አለበት። ሻጮቹ ወራሾች ከሆኑ የሁሉም ፊርማና የፍርድ ቤት የወራሽነት ማስረጃ፣ ከዚያም የዕዳና እገዳ ማጣሪያ ይጠየቃል። በ2004 ዓ.ም. የወጣው የሊዝ አዋጅ ነባር ይዞታ ከውርስ በቀር በሌላ መንገድ ሲተላለፍ ወደ ሊዝ እንዲገባ ስላደረገ፣ የቤቱ ዋጋ ሲሰላ የሊዙ ክፍያ አብሮ መታሰብ አለበት። የኮሪደር ልማቱ በ2016 ዓ.ም. ፒያሳን ከነዶሮ ማነቂያ ከነካ ወዲህ ደግሞ ቦታው በከተማው መዋቅራዊ ፕላን ምን እንደ ተመደበ ክፍለ ከተማ ሄዶ ማረጋገጥ ከጣራው እኩል የሚታይ ነገር ሆኗል።

ምን ይታለፋል፣ ምን አይታለፍም?

የዛገ ቆርቆሮ፣ የተራገፈ ምርጊት፣ ጠማማ በር፣ የደበዘዘ ቀለም ይታለፋሉ፤ የሰፈሩ ጭቃ ሠራተኛና አናጢ በአንድ በጋ ይጨርሷቸዋል። ጥቂት እግሮች መበስበሳቸውም ዋጋ ያስቀንሳል እንጂ ቤት አያስጥልም። መውጫ የሌለው ውሃ፣ በዳገቱ በኩል ያለ ሙሉ ግድግዳ ቋሚዎቹ ማለቃቸው፣ በፕላን ለሌላ ልማት የተመደበ ቦታና ቦዩን የማይጠርግ ሰፈር ግን የሚታለፉ አይደሉም። የመጀመሪያዎቹን ሁለት ሀብት ያለው ሰው በብዙ ወጪ ያስተካክላቸው ይሆናል። ሁለቱን የኋለኞቹን ግን በገንዘብ የሚጠግናቸው የለም፤ ሳሎኑ የቱንም ያህል ቢያምር እነሱ ከተገኙ ደላላውን አመስግኖ መውጣት ነው።